ካሴቱ ላይ ሠርግ ተቀድቶበታል

አባባ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ድምፃቸው ግን አለ። ምን ያህል አለ ብትሉኝ፣ 11 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ። ከዚያ በኋላ በዐረፍተ ነገር መሀል ቁርጥ ይልና እልልታ ይገባል፤ ቀጥሎ ከበሮ፣ ቀጥሎ የአክስቴ ልጅ ሠርግ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ አገር ሐሙሲት ነው። ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ ወደ ጎንደር ስትሄዱ፣ ወረታ ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ ከሐሙስ ገበያዋ የመጣ ነው። ብዙዎቻችሁ ሳታውቋት አልፋችኋታል፤ ምናልባትም ተኝታችሁ። የአባባ ቤት ግን ከአስፋልቱ ርቆ ወደ ጣና በኩል ዝቅ ብሎ ነበር፣ ጉማራ በክረምት እንደልቡ በሚፈነጭበት ሜዳ ላይ።

በ1991 ዓ.ም. መምህር የነበረው አጎቴ ሁለት ካሴትና ከጎረቤት የተዋሰውን ቴፕ ይዞ አባባን አስቀመጣቸው። «ከልጅነትዎ ጀምረው ያዩትን ይንገሩኝ» አላቸው። አባባ መናገር ይወዳሉ፤ ሁለቱንም ካሴት ሞሉት። አንደኛው በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ባጥለቀለቁ ጊዜ፣ ከነሣጥኑ ውኃ ገባበት። ሁለተኛው ከዚያ በፊት፣ በ1996፣ ባዶ ካሴት ጠፍቶ ሠርግ ተቀዳበት። ማንንም አልወቅስም። ባዶ ካሴት በገንዘብ ይገዛል፤ የሽማግሌ ወሬ ግን በነፃ ነው፣ ሁልጊዜም አለ ተብሎ ይታሰባል።

ከእኛ ዕድሜ በላይ የሆናችሁ ታስታውሳላችሁ፦ ካሴት ጀርባው ላይ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። እነሱን በቢላ ከሰበራችኋቸው ቴፑ ሌላ ነገር አይቀዳበትም። ሱቅ የሚሸጡ የዘፈን ካሴቶች ተሰብረው ነበር የሚመጡት፤ እኛም ቀዳዳውን በወረቀት ወይም በፕላስተር ደፍነን እንቀዳባቸው ነበር (ይህን ያላደረገ ቤት እስቲ እጁን ያውጣ!)። አጎቴ ያን ዕለት ሁለቱን ጥርሶች ቢሰብር ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ደግሞም የራሴን ጥፋት ልናገር። አባባ ሲሞቱ ስልክ ነበረኝ፤ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ። ለሁለት ክረምት አጠገባቸው ተቀምጬ የራሴን ፎቶ ሳነሣበት ነው የከረምኩት። በኋላ ጋዜጠኝነት ተማርኩና ሰውን እንዴት ቃለ መጠይቅ እንደሚያደርጉ ዲግሪ ተሰጠኝ።

*

በ11 ደቂቃዋ ውስጥ ምን አለ? መጀመሪያ ስለ ከብት ያወራሉ። ያው የፎገራ ሰው ናቸውና ከከብት ውጭ በምን ይጀምራሉ? ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ የፎገራ ላም በወተቱ የተመሰገነ ነው፤ ሜዳው በክረምት ውኃ ያቁርና ውኃው ሲሸሽ ግጦሽ ይሆንለታል። ከዚያ ወሬው ወደ ደርግ ዘመን ይሻገርና ወደ ጅግና ይሄዳል። ጅግና እዚያው ደራ ውስጥ ያለ ቀበሌ ነው፤ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበረው። እንግዶች መጡ ይላሉ አባባ፣ «ኮሪያዎቹ»። ረግረጉን ዞረው አዩት፤ እኛ ሳር የምንለውን ሩዝ ነው አሉን። እኛም ማታ ተሰብስበን ስንነጋገር…

እልልልል።

ማታ ተሰብስበው ምን ተባባሉ? እዚህ ላይ ነው ሙሽራዋ የገባችው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዛሬ «የፎገራ ሩዝ» ሲባል የማያውቅ የለም። ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት። አገሬው ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀይጦ እንጀራ ይጋግረዋል፤ ጠላና አረቄም ያወጣለታል። ለረጅም ዘመን ሜዳውን የሸፈነው ዝርያ ስሙ ራሱ ኤክስ ጅግና ነው። ጥናቶቹን ብታነቡ ግን አመጣጡ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ታልፏል፦ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በፎገራው ሻጋ ማኅበራት አስተዋወቁት። አንዱ ጽሑፍ በ1970ዎቹ (በፈረንጅ) ይላል፤ ሌላው በ1980ዎቹ መጀመሪያ። የዱር ሩዝ በረግረጉ ውስጥ በራሱ ይበቅል እንደነበርም ተጽፏል። ገበሬው ግን ምን አለ? ማን እምቢ አለ? ለከብቱ ግጦሽ ማን ተከራከረ? ምክንያቱም ሩዙ ሲሰፋ ግጦሹ ጠበበ፤ ግጦሹ ሲጠብ ያ የተመሰገነ ላም ቀነሰ። ያን ማታ የተቀመጡት ሰዎች ሳያውቁት በላማቸው ዕጣ ላይ ነበር የሚመክሩት። አንድ አስገራሚ ነገር ልንገራችሁ፦ የፎገራ ላም ዘሩ እንዳይጠፋ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይንከባከበዋል። ላሙ ማቆያ አለው። የእረኛው ድምፅ ግን ከቁም ሣጥን ሥር ነው ያለው።

*

ድምፅን ቀርጾ ማስቀመጥ ለአገራችን ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላከችው መልእክት በፎኖግራፍ ነበር፤ ድምፅዋ በሰም ሲሊንደር ላይ ተቀርጾ መጣ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1899፣ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በድምፃቸው መለሱ። የሁለቱ ሲሊንደሮች ዕጣ ግን አንድ አልሆነም። የንግሥቲቱ፣ ከተደመጠ በኋላ እንዲጠፋ በራስዋ ፈቃድ ታዝዞ ነበርና ጠፋ። የምኒልክና የጣይቱ ተረፈ፤ ዛሬም ይደመጣል። እንግሊዞች የራሳቸውን ንግሥት ድምፅ አጥተው የእኛን ጠበቁልን ማለት ነው። ስሰማው መጀመሪያ የገረመኝ የፎኖግራፉ ጭረት ነበር፤ ቀጥሎ የገረመኝ ጭረቱን አልፌ ሰው መስማቴ።

እ.ኤ.አ. በ1906 ደግሞ ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የጥናት ቡድን ሐኪም፣ ኤሪክ ካሽከ፣ ሰም ሲሊንደር ይዞ ስለነበር ዘፈንና ንግግር ቀርጾ ሄደ። ሲሊንደሮቹ የገቡት በርሊን ከሚገኘው የፎኖግራም ቤተ መዛግብት ነው፤ የዚያ ቤት የጥንት ሲሊንደሮች ክምችት በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ሰፍሯል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ፣ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ጀርመን የላኳቸው ተሰማ እሸቴ (በኋላ ነጋድራስ) ማሲንቋቸውን ይዘው በርሊን ውስጥ ሸክላ አስቀረጹ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የዘፈን ሸክላዎች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እኛ ግን መቼ ሰማናቸው? ብዙዎቻችን በ2010፣ በኢትዮፒክስ ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ሆነው በሲዲ ሲወጡ። መቶ ዓመት!

ይህን ያመጣሁት ፈረንጅን ለማመስገን ወይም ለመክሰስ አይደለም። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንድታዩልኝ ነው። አንደኛው ድምፁ መትረፉ ነው። ሁለተኛው ድምፁ ለባለቤቱ መድረሱ ነው። ተሰማ እሸቴ መቶ ዓመት ሙሉ «ተርፈው» ነበር፤ ለልጅ ልጆቻቸው ግን እንደሌሉ ያህል ነበሩ።

*

«የአፍ ወሬ ነው፤ ታሪክ የሚባለው የተጻፈው ነው» የምትሉ አትጠፉም። ይህን ቃል ከአንድ መምህሬም ሰምቼዋለሁ። መልሴ ደብረ ሊባኖስ ነው።

ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የፈጸሙትን ታውቃላችሁ። ግራዚያኒ ወደ ሮም በላካቸው ቴሌግራሞች ሲደመር የተገደሉት 449 ናቸው። ይህ «የተጻፈው» ነው፤ ማኅተም ያለው፣ ቁጥር ያለው፣ ቀን ያለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ቦታው ድረስ ሄደው፣ በሕይወት ያሉ የዓይን ምስክሮችን ፈልገው፣ ጠይቀው፣ የግድያውን ሥፍራ አይተው ሲያሰሉ ቁጥሩ ከ1,400 በላይ፣ ምናልባትም ከ2,000 በላይ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ያ ሁሉ ነፍስ ከወረቀቱ ውጭ ቀርቶ፣ ስድሳ ዓመት በሽማግሌዎች አፍ ውስጥ ነበር የኖረው። እነዚያ ሰዎች ከአሥር ዓመት በኋላ ቢፈለጉ ስንቶቹ ይገኙ ነበር?

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ የቀድሞ ተሳታፊዎች አዳማ ላይ ለቀናት ተሰብስበው ትዝታቸውን ተናገሩ፤ ተከራከሩ፤ ተቀዳ። ባሕሩ ዘውዴ አርታኢ ሆነው በ2010 በፎረም ፎር ሶሻል ስተዲስ በኩል መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ግሩም ሥራ ነው፤ አንብቡት። ሆኖም ሳነበው አንድ ነገር ከነከነኝ። እነዚያ ሰዎች «መሬት ላራሹ» ያሉ ናቸው፤ ትዝታቸው ተሰብስቦ ታትሟል። አራሹስ? መሬት ሲታደል የነበረው፣ ማኅበር ሲመሠረት የነበረው፣ ማኅበሩ ሲፈርስ የነበረው የደራና የፎገራ ገበሬ በየትኛው አዳራሽ ተሰበሰበ?

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የታሪክ ክፍል መመረቂያ ጽሑፎች ይህን ክፍተት በጥቂቱ ይሞላሉ። የመጨረሻ ገጾቻቸው ላይ የመረጃ ሰጪዎች ሰንጠረዥ አለ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ አስተያየት። አስተያየቱ ውስጥ «የማስታወስ ችሎታቸው ከፍተኛ ነው» የሚል ሳነብ ሆዴ ይባባል። ችሎታቸው ከፍተኛ ነው ከተባለላቸው ሰው የተረፈው አንድ የግርጌ ማስታወሻ ነው። ሳላቸው፣ ሳቃቸው፣ አንድ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ዝም ያሉት ዝምታ የለም። ድምፁ በተማሪው ካሴት ላይ ነበር፤ ተማሪው ተመርቆ ሄዷል።

*

አሁን ወደ ሰበቤ፣ ወደዚያች ካሴት ልመለስ። ቴፕ የሚባል ዕቃ ፍለጋ ባሕር ዳርን ያካለልኩትን አላወራችሁም። ያገኘሁት የመጀመሪያው ቴፕ ቀበቶው (ሞተሩን ከመዘውሩ ጋር የሚያያይዘው ላስቲክ) ላልቶ ስለነበር አባባን እንደ ሰካራም አንጓተታቸው። ሁለተኛው ክሩን ሊበላብኝ ነበር፤ በቢክ እስክሪብቶ አጥብቄ አዳንኩት። ሦስተኛው ሠራ።

ካሴቶች ያላችሁ ሰዎች ስሙኝ፤ ጊዜ የላችሁም። ክሩ ላይ ያለው መግነጢሳዊ ቅብ እያረጀ ይሄዳል፤ ሙቀትና እርጥበት ያለበት ቤት ደግሞ ሻጋታ ይይዘዋል። ከዚያ የባሰው ግን የማጫወቻው መጥፋት ነው። ዩኔስኮና የዓለም አቀፉ የድምፅ ቤተ መዛግብት ማኅበር በ2019 ባወጡት ማስጠንቀቂያ፣ መሣሪያና መለዋወጫ እየጠፋ ስለሆነ ከ2025 ወዲያ ብዙ ክር ሊነበብ የማይችልበት ጊዜ ይመጣል ብለው ነበር። 2025 አለፈ። የሚገርመው ግን ይህ የኋላ ቀሮች ችግር አለመሆኑ ነው። እንግሊዞች በ1086 የተጻፈውን የዶምስዴይ መጽሐፍ 900ኛ ዓመት ለማክበር በ1986 ከመላው አገር ጽሑፍና ፎቶ ሰብስበው በዘመኑ ዘመናዊ በነበረ የሌዘር ዲስክ ላይ አኖሩት። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲያልፍ ዲስኩን የሚያነብ ማሽን ብርቅ ሆነና ባለሙያዎች ተሰብስበው በመከራ ነው ያዳኑት። የ1086ቱ ብራና ግን ዛሬም በዓይን ይነበባል።

ብራና ስል ጣና ትዝ አለኝ። ከሐሙሲት ወደ ምዕራብ ብትመለከቱ ጣና ነው፤ ጣና ቂርቆስ በምሥራቁ ዳርቻ አለ። በየደሴቱ ያሉት መጻሕፍት ዘመናትን የተሻገሩት ብራና ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዕቃ ቤት ጠባቂ ስለነበራቸው፣ ሲያረጁ የሚገለብጣቸው ጸሐፊ ስለነበረ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ወጥተው ስለሚነበቡ ነው። መገልበጥና ማንበብ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ገዳማት መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራም ያንኑ ነው የቀጠለው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎችን ፊልም አንሥቶ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ አስቀመጠ። ድምፅም ከዚህ የተለየ አይፈልግም። ዲጂታል ሆነ ማለት ዳነ ማለት እንዳይመስላችሁ፤ ፍላሽም ሚሞሪም ሃርድ ዲስክም ይሞታሉ፤ እንዲያውም ካሴት እያቃሰተ ሲሞት ፍላሽ ሳይናገር ነው የሚሞተው።

እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ባለሙያ አይደለሁም፣ ከባለሙያ ግን ጠይቄያለሁ። የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘሁና አውዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቀዳሁት። ያስቀመጥኩት በኤምፒ3 ሳይሆን በዌቭ ነው፣ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ። ኤምፒ3 አንድ ሰዓትን 60 ሜጋባይት በማይሞላ ቦታ ያሳድራል፤ ግን ድምፁን እየቆረጠ ነው፤ የተቆረጠውም አይመለስም። በዌቭ አንድ ሰዓት በሁለት ቻናል አንድ ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል። ለመላክ ኤምፒ3፣ ለማስቀመጥ ዌቭ። ሠርጉንም አልቆረጥኩትም። የአክስቴ ልጅ ሠርግም ታሪክ ነው፤ ያን ዕለት ከበሮ የመቱት ሴትዮም ሞተዋል።

ከዚያ ሦስት ቅጂ። አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ አጎቴ ዘንድ፣ አንዱ ውጭ አገር ያለች እህቴ ዘንድ። «ለምን ኢንተርኔት ላይ ብቻ አትጭኝውም?» ያለኝ ጓደኛ ነበር። አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን ማለት ቀላል ነው። በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ «ደመና ላይ» ያለ ፋይል ለሐሙሲት ሰው እውነትም ደመና ላይ ነበር። ጎረቤታችን ሐርጌሳን አስታውሱ፦ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ከተማዋ በቦምብ ከመደብደቧ በፊት የሬዲዮ ሐርጌሳ ሰዎች ክሮቹን ደብቀው፣ ከፊሉን መሬት ቀብረው አዳኑ። ዛሬ በዚያች ከተማ የሬድሲ የባህል ፋውንዴሽን ከ10,000 በላይ ካሴቶች አሉት፤ ዘፈን ብቻ ሳይሆን ግጥም፣ ተውኔት፣ ሰዎች እርስ በርስ የተላላኩት የድምፅ ደብዳቤ ጭምር። መቅበርም አንድ ቅጂ ነው።

አንድ የረሳሁት፦ ስም። ስልካችሁን ክፈቱና «አዲስ ቅጂ 017» የሚል ፋይል ስንት እንዳለ ቁጠሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ ያ ድምፅ የማን እንደሆነ የሚነግራችሁ ማን ነው? ስለዚህ ቀረጻው ሲጀመር ራሳችሁ ተናገሩት፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ማን ጠየቀ። ፋይሉ ስሙን ቢያጣ እንኳ ድምፁ ራሱን ያስተዋውቃል። አጎቴ ይህን ሳያውቅ አድርጎታል፤ ካሴቱ የሚጀምረው ቀኑንና የአባባን ሙሉ ስም በመምህር ድምፅ በመጥራት ነው። በዚህ ተክሶኛል።

*

ባለፈው ዓመት ያን ማታ ምን እንደተባለ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ወረድኩ። የአባባ እኩዮች አብዛኞቹ አልፈዋል። «እሳቸው ያውቁ ይሆናል» ወደተባልኩት ቤት ስሄድ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ሳይሆን አንዲት አሮጊት ናቸው። ባለቤታቸው የማኅበሩ አባል ነበሩ።

«እማማ፣ ሩዝ የመጣ ጊዜ ወንዶቹ ማታ ተሰብስበው ምን አሉ?» አልኳቸው።

«ወንዶቹማ ምን ያውቃሉ ልጄ» አሉኝ። «ይህን ማን ይበላዋል ብለው ተለያዩ። ቀቅለን ብናቀርብላቸው ትል ይመስላል አሉ። ኋላ ጤፍ ሲያንሰን ከጤፉ ጋር አስፈጭተን ጋገርነው። ሳንነግራቸው በሉት።»

ሳንነግራቸው በሉት! አራት ጊዜ ነው የሣቅኩት። እንግዲህ ይህ የአንዲት ሴት ቃል ነው፤ የጅግናን ሁሉ ታሪክ ይወክላል አልልም። የሰው ትዝታ ራሱን ያሳምራል፤ ከሌላ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ሌላ ሁለት ሴቶች ጠይቄ አንዷ «እኔ ነኝ መጀመሪያ የጋገርኩት» ብላኛለች። ግን እኔ ስንት ዓመት የወንዶቹን ስብሰባ ስፈልግ መልሱ ማድ ቤት ነበር። አባባ ካሴቱ ባይቋረጥ ኖሮ ይህን ይነግሩኝ ነበር? አይመስለኝም። አያውቁትማ።

እማማ አልበቃቸውም። ቀጠሉ። ወደዚያ ቤት እንዴት እንደመጡ ነገሩኝ፤ በጠለፋ፣ በልጅነታቸው፣ ከገበያ መልስ። ማን እንደያዛቸው፣ ማን በር እንደዘጋ፣ ስም እየጠሩ። የጠሯቸው ሰዎች ልጆች እዚያው ሰፈር ናቸው፤ አንደኛው ቡና ሲፈላ መጥቶ ተቀምጦ ነበር የሄደው። ሲጨርሱ ስልኬን አዩትና፣

«ይኼ ነገር ያዘው?» አሉኝ።

«ይዞታል እማማ።»

«የሩዙን ለፈለግሽው አሰሚ። ይኸን ግን እኔ ከሞትኩ በኋላ ነው። ልጆቼ ሰምተው ቂም እንዳይዙ።»

ጋዜጠኛ ነኝ። ያ ሁለተኛው ክፍል በዚህ ዓመት ከሰማሁት ሁሉ የበለጠ ነው፤ ልጽፈው እጄን ይበላኛል። ስለ ድምፅ ማስቀመጥ ሳነብ ሁሉም የሚለው ክፈቱት፣ አጋሩት፣ ለሁሉ ይድረስ ነው። እኔም ከላይ ስለ ተሰማ እሸቴ ስጽፍ እንደዚያው ብያለሁ። ግን ስልክ በየመንገዱ በሚፈተሽበት፣ አንድ ስም ደም በሚያቃባበት አገር ለሁሉ መድረስ ለሰውየው መጥፋት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፋይሉን ሁለት ቦታ ቆረጥኩት (ዋናውን ሳልነካ)። የሩዙ ላይ «ለሁሉም ይደመጥ» ብዬ ጻፍኩ፤ በሌላው ላይ «ተናጋሪዋ በሕይወት እያሉ አይደመጥ» ብዬ የእሳቸውን ፈቃድ በራሳቸው ድምፅ ጨመርኩበት። የሩዙን ቅጂ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት በፍላሽ ሰጥቻለሁ፤ ፍላሹ ዘፈን ይገለበጥበት ይሆን የሚል ሐሳብ ግን እንቅልፍ ይነሣኛል። ፍላሽ ደግሞ የሚሰበር ጥርስ የለውም።

ይህን የመሰለ ነገር ተቀብሎ፣ ቁልፍና ቀን ያለው ውል ፈርሞ፣ በየጊዜው እየገለበጠ የሚያኖር ቤት ለደራና ለፎገራ ሰው ቅርብ መሆን ነበረበት። አዲስ አበባ ውስጥ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የድምፅ ክምችት አለው፤ ወመዘክርም አለ፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የዓባይ ባህልና ልማት ምርምር ማዕከል አለው። እኔ የምለው ለሐሙሲት ሴትዮ ነው። ሐሙስ ገበያ ወጥተው ቅቤያቸውን ሸጠው ሲመለሱ ጎራ ብለው «ያን ያወራሁትን እስቲ አሰሙኝ» የሚሉበት ቦታ።

ልሄድ ስነሣ እማማ ያወሩትን መስማት ፈለጉ። የሩዙን ከፈትኩላቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡ። ትንሽ ቆይተው ገለጥ አደረጉና፣

«ይቺ እኔ አይደለሁም» አሉ። «ይቺማ እናቴ ናት።»

ድገሚልኝ አሉኝ። ሁለት ጊዜ ደገምኩላቸው፤ ሦስተኛው ላይ ስልኩ ባትሪ ጨረሰ።